ዘፈን ፍለጋ ወደ አምቦ

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። ይህ አባባል በእኛ በተማሪዎች ላይ እንደሚፈጸም የተረዳነው የእረፍት ጊዜ ሲቃረብ፣ ማታ በመኝታ ቤታችን ተሰብስበን ስንጫወት ነው። ከመካከላችን አንዱ፣ የውጭ አገር ሰዎች ለእረፍታቸው ወደ ሌላ አገር ሄደው ከአገሬው ሙዚቀኞች ጋር አንድ ሁለት ሳምንት እንደሚቀመጡ፣ ቀን ቀን እየተማሩ ማታ ማታ አብረው እየተጫወቱ እንደሚሰነብቱ አንብቦ ኖሮ፣ «እንዲህ ያለው ዕድል ለእኛ መቼ ይደርሰን ይሆን?» አለ። ሌላው ስለ አውሮፕላን ዋጋና ስለ ቪዛ ማስላት ጀመረ። በዚህ ጊዜ ከአምቦ አካባቢ የመጣ አንድ ጓደኛችን ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ከቆየ በኋላ፣ «ለመሆኑ ከእናንተ ውስጥ ገረርሳ ሲባል አጠገቡ ቆሞ የሰማ ማን ነው?» ሲል ጠየቀን። መልስ የሰጠ አልነበረም።

ጥያቄው አሳፈረን። ስለ አሜሪካ ጃዝና ስለ ጃማይካ ሬጌ ሌሊቱን ሙሉ መከራከር የምንችል ሰዎች፣ ከአዲስ አበባ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ስለሚገኘው አገር ዘፈን አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ መናገር አቃተን። ስለዚህ በጥር ወር አምስት ሆነን ጓደኛችንን ተከትለን ወደ አምቦና በአካባቢው ወዳሉት ከተሞች ሄደን ሰነበትን። ይህ ጽሑፍ በዚያ ያየነውንና ከዚያም ወዲህ አንብበን የተረዳነውን አጠናቅሮ፣ በሚመጣው እረፍት ተመሳሳይ ጉዞ ለማድረግ ለሚያስብ ተማሪ ነገሩን ለማስረዳት የቀረበ ነው። የሠራነውንም ስሕተት አልደበቅንም፤ ምክንያቱም ከጉዞው ሁሉ ይበልጥ ያስተማረን እርሱ ነው።

በሌላው ዓለም እንዴት ነው?

ሙዚቃ ለመማር ወደ ሰው አገር መሄድ በዓለም አዲስ ነገር አይደለም። ለምሳሌ ያህል በአየርላንድ፣ ክሌር በሚባለው አውራጃ፣ ሚልታውን ማልቤይ የምትባል አንዲት ትንሽ ከተማ አለች። ዊሊ ክላንሲ የተባለው የአካባቢው ስመ ጥር የቧንቧ ዋሽንት ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ1973 ሲሞት፣ ወዳጆቹ በስሙ የበጋ ትምህርት ቤት አቋቋሙለት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በሐምሌ ወር ከልዩ ልዩ አገር የሚመጡ ሰዎች ወደዚያች ከተማ ይጎርፋሉ። ጧት ጧት ከአዋቂዎች እግር ሥር ተቀምጠው ይማራሉ፤ ማታ ማታ በየመጠጥ ቤቱ ከአገሬው ጋር ክብ ሠርተው ይጫወታሉ። ትምህርቱ በአብዛኛው ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ነው።

ወደ እኛም አገር በዚህ መንፈስ የመጡ ሰዎች ነበሩ። በግብፅ የተወለደው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል-ዳብህ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ የክራር፣ የማሲንቆ፣ የዋሽንት፣ የእምቢልታና የከበሮ ተጫዋቾችን ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የተባለውን ቡድን አቋቋመ። ቀደም ሲል እየብቻቸው ይሰሙ የነበሩት መሣሪያዎች በዚህ ቡድን አንድ ላይ ተቀምጠው መጫወት ቻሉ። ጥቂት ቆይቶ ቻርልስ ሳተን የተባለ ወጣት ፒስ ኮር በሚባለው የአሜሪካ የሰላም ጓድ አማካይነት መጣ። ይህ ሰው የሰማውን ቀድቶ ወደ አገሩ ለመመለስ አልቸኮለም፤ በቡድኑ ውስጥ ከነበረው ከጌታመሳይ አበበ ማሲንቆ ተምሮ፣ ከኢትዮጵያውያን ጋር እኩል ተቀምጦ እስከ መጫወት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1969 ቡድኑ «ብሉ ናይል» በሚል ስም በአሜሪካ ተዘዋውሮ ሲያሳይ እርሱም አብሮ ነበር።

ከዚህ ሌላ በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ፣ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት በሚባለው ደንብ መሠረት ተማሪዎች አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ ያስተምሩ ነበር። ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች አገራቸውን ያወቁት በመጽሐፍ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። እንግዲህ ከእነዚህ ምሳሌዎች የምንማረው፣ የዚህ ዓይነቱ ጉዞ ሦስት ነገሮች እንዳሉት ነው፤ ይኸውም ከባለ ዘፈኑ ዘንድ መኖር፣ ከሰው አፍ መማር፣ አብሮ መጫወት ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ጉዞው ሽርሽር ይሆናል።

መንገዱና ከተሞቹ

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ በሆለታ አድርጎ ወደ አዲስ ዓለም ይደርሳል። አዲስ ዓለም ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1900 አካባቢ አዲስ ዋና ከተማ ሊያደርጓት አስበው ማሠራት የጀመሩባት፣ በኋላም ሐሳባቸውን ለውጠው በማርያም ቤተ ክርስቲያን ያከበሯት ከተማ ናት። ከዚያ ወዲያ ጊንጪ አለች፤ በአጠገቧ የጭሊሞ ደን ይገኛል። ቀጥሎ አምቦ ናት፤ ድሮ ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር። ስሟን ያስጠራው ከምድሯ የሚፈልቀው የማዕድን ውሃ ሲሆን፣ በጠርሙስ መሞላት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። ከአምቦ 12 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄዱ የጉደር ወንዝና የጉደር ከተማ ይገኛሉ፤ ከዚያ መንገዱ በጌዶ አድርጎ ወደ ባኮ ይወርዳል። ወደ ሰሜን ሲታጠፉ ብርዳማው ጀልዱ አለ። ወደ ደቡብ ደግሞ የወንጪ ሐይቅ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ተኝቷል፤ ከወንጪ ባሻገር ወሊሶ ነው።

ይህ አገር የባለ ቅኔዎችና የድምፃውያን አገር ነው። ባለ ቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን እ.ኤ.አ. በ1936 የተወለደው በአምቦ አጠገብ በቦዳ ነው። በአማርኛም በኦሮምኛም የዘፈነው ጥላሁን ገሠሠ በልጅነቱ የተማረው በወሊሶ ነው። በእኛ ዘመን የነበረው ሃጫሉ ሁንዴሳም እ.ኤ.አ. በ1986 የተወለደው በአምቦ ነው። ስለ እርሱ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ምን ይዘፈናል?

በምዕራብ ሸዋ የምንሰማው ዘፈን በአብዛኛው የኦሮሞ ዘፈን ነው። ዓይነቱ ብዙ ስለሆነ ዋና ዋናዎቹን ብቻ እንጥቀስ።

አንደኛው ገረርሳ ነው። ገረርሳ አንድ ሰው ተነሥቶ፣ ብዙውን ጊዜ ያለ መሣሪያ፣ በንግግርና በዜማ መካከል ባለ ድምፅ የሚያሰማው ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ለማስረዳት ፉከራና ቀረርቶ ይቀርቡታል ብንል ከእውነቱ ብዙ አንርቅም። በጥንት ጊዜ የጦር ጀግናና አንበሳ ወይም ጎሽ የገደለ አዳኝ ጀብዱውን ይናገርበት ነበር። እየቆየ ግን ድኻው ድኽነቱን፣ እስረኛው እስራቱን፣ የተበደለው በደሉን የሚናገርበት ሆነ። ስለዚህ ገረርሳ የሚለው ሰው የሚያሰማው የራሱን ሕይወት ነው።

ሁለተኛው የሠርግ ዘፈን ነው። በሠርግ ጊዜ የሙሽራዪቱ ወገን ልጃገረዶችና የሙሽራው ወገን ሚዜዎች ተፋጥጠው በዘፈን ይሰዳደባሉ። ይህ አረብሶ ይባላል። ስድቡ የጨዋታ ስለሆነ ቂም አይያዝበትም፤ እንዲያውም የተሰደበው ወገን የሚሳቅበት የራሱን መልስ ፈጥኖ መስጠት ካቃተው ነው። ከዚህ ጋር ረገዳ የሚባለው ጭፈራ አለ፤ ወንዱ በትሩን ይዞ መሬቱን በእግሩ እየመታ፣ ሴቷ አንገቷንና ጸጉሯን እያወዛወዘች ይጫወቱታል። ከበሮ ባይኖር እንኳ እግርና ጭብጨባ ከበሮ ይሆናሉ።

ሦስተኛው የሥራ ዘፈን ነው። በአጨዳ፣ በውቂያ፣ በደቦ፣ እንዲሁም እህል ሲፈጭና ወተት ሲናጥ ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱ ዜማ አለው። ከብት ጠባቂዎች በዋሽንት የሚጫወቱትም ከዚሁ ይቆጠራል። ከእነዚህ በቀር በበዓላት፣ ከሁሉም በላይ ዝናቡ አልፎ መስከረም ሲጠባ በየወንዙና በየሐይቁ ዳር በሚደረገው የምስጋና በዓል በኢሬቻ፣ ሕዝቡ ለምለም ሣርና አበባ ይዞ እየዘመረ ይወርዳል።

ስለ ግጥሙም አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። እኛ በአማርኛ ቤት ሲመታ የምንጠብቀው በስንኙ መጨረሻ ላይ ነው። በኦሮምኛ ዘፈን ግን ብዙ ጊዜ ሁለት ስንኞች ጎን ለጎን ቆመው በድምፅ ይመሳሰላሉ። የመጀመሪያው ስለ ወንዝ ወይም ስለ ዛፍ ተናግሮ ድምፁን ያዘጋጃል፤ ሁለተኛው ዋናውን ነገር ይዞ ይመጣል። ይህን የማያውቅ ሰው የመጀመሪያውን ስንኝ ትርጉም ፍለጋ ሲደክም ሁለተኛው ያመልጠዋል። ስለዚህ ጉዳይ ማንበብ የሚፈልግ፣ ከካናዳ መጥተው በዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ክሎድ ሰምነር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሦስት ቅጽ ያሳተሙትን የኦሮሞ ምሳሌያዊ አነጋገር፣ ዘፈንና ተረት ስብስብ ይመልከት።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን መያዝ ያለበት ነገር የሚከተለው ነው። የዚህ አገር ዘፈን በአብዛኛው አውጪና ተቀባይ አለው። አንዱ ያወጣል፤ ሌላው ሁሉ ይቀበላል። አውጪው የሚቀጥለውን ስንኝ የሚያስበው ተቀባዮቹ በሚቀበሉበት ጊዜ ነው። ተቀባይ ከደከመ አውጪው ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ተቀባይ ከሌለ ዘፈኑ ይቆማል። እንደ ቲያትር ቤት ትኬት ቆርጦ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ መጨረሻ ላይ የሚያጨበጭብ ሰው በዚህ ዘፈን ውስጥ ቦታ የለውም። ይህን ዛሬ በቀላሉ እንጽፈዋለን እንጂ፣ የተማርነው በውርደት ነው።

እኛ የደረሰብን

ጓደኛችን በጊንጪና በአምቦ መካከል በሚገኝ አንድ ቀበሌ ወደ ዘመዶቹ ሠርግ ወሰደን። እኛም የተዘጋጀን መስሎን አምስታችንም በአንድ ረድፍ ተቀምጠን፣ ስልኮቻችንን አውጥተን መቅዳት ጀመርን። ድምፅ እንዳይበላሽብን ብለን አናጨበጭብም፣ አናወራም። በምሳም ጊዜ ፈጥነን በልተን ወደ ቦታችን ተመለስን። ለአገሬው ክብር የሰጠን መስሎን ነበር።

አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ከቆየን በኋላ፣ አንድ ሽማግሌ ጓደኛችንን ጠርተው በኦሮምኛ ጠየቁት። ጓደኛችን ፊቱ ቀላ። ምን እንዳሉት ብንጠይቀው ሊነግረን አልፈለገም። በኋላ እንደ ነገረን፣ «እነዚህ ልጆች ሐዘን አለባቸው ወይስ ዘፈናችን አልጣማቸውም?» ብለው ነው የጠየቁት። በሠርግ ቤት ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው ወይ ሐዘንተኛ ነው፣ ወይ የደስታውን ባለቤት የማይወድ ነው። ሦስተኛ ምክንያት አይታወቅም።

ስልኮቻችንን ወደ ኪሳችን ከተትን። አንዲት እናት አጠገባችን መጥተው ተቀባዮቹ የሚሉትን ሁለት ቃል ያስጠኑን ጀመር። ቀላል መስሎን ጮኸን ስንል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በኦሮምኛ አንድ ድምፅ ሲረዝምና ሲያጥር ትርጉሙ ይለወጣል፤ ለፋ ሲባል መሬት ነው፣ ላፋ ተብሎ ሲረዝም ለስላሳ ነው። እኛም በዜማው ተስበን አጭሩን አስረዝመን ሌላ ነገር ብለን ኖሯል። ያልነው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ጓደኛችን በሙሉ አልነገረንም። ነገር ግን ከሳቁ በኋላ ማንም እንደ እንግዳ አላየንም። ልጃገረዶቹ በስድብ ዘፈናቸው ውስጥ አስገቡን፤ የአንዳችንን መነጽር፣ የሌላውን ቅጥነት አንሥተው ዘፈኑብን። እስከ ማታ ስንቀበልና መሬት ስንመታ ዋልን። ማታ ቅጂዎቻችንን ስንሰማ ያለን የመጀመሪያው ሰዓት ብቻ ነበር፤ እርሱም ቀዝቃዛ ነው። ጥሩው ሁሉ እጃችን በጭብጨባ ተይዞ ሳለ ያለፈው ነው።

በማግስቱ ወደ አውድማ ሄድን። ጤፍ ይወቃ ነበርና፣ በሬዎቹን የሚነዱት ገበሬ እየዘፈኑ ያዞሯቸዋል። እረፍት ባደረጉ ጊዜ ቀርበን፣ «አባባ፣ ያን ዘፈን እንደገና ቢሉልን?» ብንላቸው፣ ሞክረው ሞክረው ተዉት። «ያለ በሬው አይመጣልኝም» አሉን። በሠርጉ ተቀባዩ ሰው ከሆነ፣ በአውድማው ተቀባዩ በሬው ነው። ዘፈኑን ከሥራው ነጥሎ ማውጣት እንደማይቻል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ በየትኛውም መጽሐፍ አላገኘንም።

ሦስተኛው ነገር ግን የሚያስቅ አይደለም። በሦስተኛው ቀን ማታ፣ እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለ፣ በእኛ ዕድሜ ያለ አንድ የቤቱ ዘመድ ተነሥቶ ገረርሳ አለ። ሌሎቹ በየመካከሉ ድምፅ እየሰጡ አበረታቱት። እኛ ቃሉን ባንረዳም ጸጉራችን ቆመ። ጓደኛችን እንደ ተረጐመልን፣ ስለ ትምህርቱ መቋረጥና ስለ ጠፋ ወንድሙ ነበር። ከጨረሰ በኋላ ወደ እኛ ዞሮ፣ «ይህን አልቀዳችሁም አይደል?» አለን። ከእኛ አንዱ ግን ቀድቶ ኖሯል፤ ይባስ ብሎም ለአንድ ወዳጁ ልኮታል።

ሌሊቱን ወዳጁን ለማግኘት ስንደውል አደርን። ጧት አግኝተነው ደመሰስኩት አለን፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት ለሁለት ሰዎች አሳይቻለሁ አለ። ወደ ልጁ ሄደን እውነቱን ነገርነው። ብዙ ዝም አለ። አልተሳደበም፤ ቢሳደብ ይሻለን ነበር። «ለእናንተ ጨዋታ ነው» ብሎ ብቻ ተነሥቶ ወደ ከብቶቹ ሄደ። ድምፁ ከዚያ ወዲያ ወዴት እንደ ደረሰ እስከ ዛሬ አናውቅም።

ይህ ልጅ ለምን እንደ ሠጋ ለመረዳት የአካባቢውን የቅርብ ጊዜ ታሪክ ማስታወስ ያስፈልጋል። በኅዳር 2008 ዓ.ም. የተማሪዎች ተቃውሞ የተነሣው ከዚያው ከጊንጪ ነው። ሃጫሉ ሁንዴሳ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ታስሮ አምስት ዓመት ያህል በአምቦ ወኅኒ ቤት ኖሯል፤ የመጀመሪያውን አልበሙን ዘፈኖች ያዘጋጀውም እዚያው እስር ቤት ውስጥ ሆኖ ነው። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተገደለ፤ ሰኔ 25 ቀን አምቦ ተቀበረ። በዚያ ሰሞን በተነሣው ሁከት ብዙ ሰው አለቀ። እንግዲህ ዘፈን ለእኛ የእረፍት ጊዜ ጨዋታ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ አገር ግን ሰው የታሰረበትና የሞተበት ነገር ነው። የሰውን ገረርሳ ያለ ፈቃዱ ይዞ መሄድ ቃሉን ከአፉ ነጥቆ ወዳልፈለገው ቦታ መጣል ነው።

ለሚሄድ ሰው ምክር

ከላይ ከተነገረው በመነሣት ለሚሄዱ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የሚከተለውን እንመክራለን።

ጊዜን በተመለከተ፣ ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ያለው ወቅት የሠርግም የውቂያም ጊዜ ስለሆነ ከሁሉ ይመረጣል። ከፋሲካ በኋላም ሠርግ ይበዛል። መስከረም ደግሞ የመስቀልና የኢሬቻ ጊዜ ነው። ክረምቱ ጭቃና ዝናብ ስለሆነ ለእግር መንገድ አይመችም።

መንገዱን በተመለከተ፣ አምቦ በአውቶቡስ ወይም በሚኒባስ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ቢያስኬድ ነው። ነገር ግን በቅርብ ዓመታት በምዕራብ ኦሮሚያ ግጭት ስለ ነበረ፣ ከመነሣት በፊት የአካባቢውን ሰው ደውሎ ስለ መንገዱ መጠየቅ፣ በሌሊት አለመጓዝ፣ ወደ ገጠር ሲገቡም ለቀበሌው ማስታወቅ ተገቢ ነው። አይመችም ከተባለ ጉዞውን ማስተላለፍ ፍርሃት አይደለም። ዘመድ የሚያስጠጋው ሰው ያለ ጓደኛ ማግኘት ከሆቴል ሁሉ ይበልጣል፤ በየትምህርት ክፍላችን ከምዕራብ ሸዋ የመጣ ተማሪ አይጠፋምና አስቀድሞ መወዳጀት ነው። አንድ ቤት አምስት እንግዳ መቀበል ሸክም ስለሆነ፣ ስኳር፣ ቡና፣ ሳሙና ይዞ መሄድ፣ ውሃ በመቅዳትና እንጨት በመፍለጥ ማገዝ ያስፈልጋል።

ቋንቋን በተመለከተ፣ ኦሮምኛ የማይችል ሰው ሁለት ወር አስቀድሞ ይጀምር። ሰላምታውን፣ ምስጋናውን፣ ታላቅን በኦቦና በአዴ ብሎ መጥራትን ይወቅ። የዘፈኑን ቃል ሲጽፍ በቁቤ ቢጽፈው፣ የሚረዝመውና የሚያጥረው ድምፅ ተለይቶ ስለሚታይ እኛ ከደረሰብን ሳቅ ይድናል።

ቅጂን በተመለከተ፣ በመጀመሪያው ቀን መሣሪያ ባያወጣ ይሻላል። በኋላም ለምን እንደሚቀዳና ለማን እንደሚያሰማ ተናግሮ ዘፋኙን ራሱን ያስፈቅድ፤ የባለ ቤቱ ፈቃድ ብቻ አይበቃም። የተቀዳውን እዚያው አሰምቶ፣ ይቅር ያሉትን ፊታቸው ላይ ይደምስስ፤ ያስቀረውን ደግሞ ቅጂውን ለባለቤቶቹ ሰጥቶ ይሂድ። ገንዘብ ያወጣ እንግዳ ሁሉን የገዛ አይምሰለው፤ ነገር ግን በዘፈን የሚተዳደር ማሲንቆ ተጫዋች ሲያስተምር የድካሙን ዋጋ መክፈል ግዴታ ነው።

በመጨረሻም በሄደበት ሰሞን ሐዘን ከተፈጠረ፣ ዘፈኑ ቀረብኝ ብሎ አያዝን። ለቅሶ ደርሶ፣ ከሰዎቹ ጋር ተቀምጦ ይዋል። በደስታ ሊቀበል የመጣ ሰው በሐዘንም መቀበል አለበት።

ለምን እንሂድ?

አንዳንድ ጓደኞቻችን፣ «እንዲህ ከሆነ መቅረቱ አይሻልም ወይ? የሰው ነገር ከምናበላሽ በሬዲዮ ብንሰማስ?» ብለውናል። ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። እኛም በዚያ ልጅ ፊት ከቆምንበት ጧት ጀምሮ ራሳችንን ስንጠይቅ ቆይተናል።

መልሳችን እንዲህ ነው። በከተሞቹ ሠርግ ዛሬ ኪቦርድና ትልቅ ድምፅ ማጉያ እየገባ ነው። ድምፅ ማጉያው ተቀባይ አያስፈልገውም። ሰው አፉን ዘግቶ ቢቀመጥ እንኳ ዘፈኑ አይቆምም። ውቂያውም በመኪና የሚሠራበት ቦታ እየበዛ ሲሄድ የበሬው ዘፈን አብሮ መሄዱ የማይቀር ነው። በዚህ ምክንያት አገሬውን አንወቅስም፤ ማሽኑ ድካም ይቀንሳል፣ ዘፈኑን እንድንሰማ ብሎ ማንም በበሬ ይውቃ ማለት አንችልም። ነገር ግን አንድን ዘፈን በቅጂ ማስቀመጥ ዘፈኑን ማዳን አይደለም። የሚድነው የሚቀበለው ሰው ሲኖር ነው። አንድ ተማሪ ሄዶ ሁለት ቃል መቀበል ቢማር፣ በዓለም ላይ ያሉት ተቀባዮች በአንድ ጨመሩ ማለት ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። እኛ በአንድ ግቢ፣ በአንድ መኝታ ቤት የምንኖር ተማሪዎች ስለ አንዳችን አገር የምንሰማው በክርክርና በወሬ ነው። አንዱ ሲናገር ሌላው የሚያስበው የሚመልሰውን መልስ ነው። በአምቦ ያየነው ዘፈን ግን ሌላ ሥርዓት አለው፤ አውጪው ተናግሮ ሳይጨርስ ተቀባዩ አይገባም፤ ተቀባዩም የራሱን አይጨምርም፣ የሰማውን አጽንቶ ይመልሳል። ከዚያ ተራው ሲደርስ እርሱም ያወጣል።

ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራችን በሚመጣው የጥር እረፍት አሥር ያህል ተማሪዎች በጥንድ በጥንድ ሆነው፣ አንዱ ከዚያው አገር ሌላው ከሌላ አገር እየሆነ፣ አንድ ሳምንት እንዲሰነብቱ ቢያደራጅ እንላለን። በአምቦ ዩኒቨርሲቲ ካሉት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ጋር ከተነጋገሩ ነገሩ ይቀላል። በሌላ ዓመት ደግሞ እነርሱ ወደ ሌላ አገር ይሄዳሉ፤ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ወላይታ።

እኛ አምስታችን ተመልሰን ልንሄድ ወስነናል። በመጀመሪያ የምንሄደው ወደዚያ ልጅ ቤት ነው። ስልካችንን አምቦ ትተን እንገባለን። ገረርሳ ይበለን አንለውም፤ ካለ ግን ቆመን እንቀበላለን።